የክርስትና ስም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብር ብሎኛል። እሁድ ነው፣ መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ይውላል፣ ልብስ ላጥብ ብዬ ዘፍዝፌ ትቼዋለሁ። ጎረቤት ደግሞ ሬጌ ከፈተ። በግድግዳው በኩል ዘፋኙ አይሰማም፣ ጊታሩም አይሰማም፣ አልፎ የሚመጣው ቤዙ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ቢኖር በዚህች ብቻ ዘፈኑንም አልበሙንም ይነግረኝ ነበር።

እኔ ሬጌን የወደድኩት በግጥሙ ነው። እሱ ግጥም ግድ አይሰጠውም። መዳፉን ስፒከሩ ላይ ያሳርፍና "ዝም ብለህ ስማ" ይለኛል። ከአራቱ ምት ከበሮው አንደኛው ላይ ይመታል ብለህ ስትጠብቅ ጭጭ፤ ሦስተኛው ላይ ነው የሚያርፈው። ያቺን ባዶ ቦታ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እያሳየኝ ስንት ቡና ቀዝቅዞብናል። የቦብ ማርሌ ባንድ ውስጥ የነበሩትን የባሬት ወንድማማቾችን፣ ከበሮ መቺውን ካርልተንንና የቤዙን አስተንን፣ እንደ አጎቶቹ ነበር የሚያወራቸው። እኔ አንዱን ካንዱ ለመለየት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ቤዝ ላወራ አልነበረም መሰለኝ የተነሳሁት። ብቻ የ97ቱ ክርክራችን መጣብኝ።

ጥር 29፣ ቦብ ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ቀን፣ መስቀል አደባባይ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሚስቱ ሪታም ልጆቹም መጥተዋል። በዚያ ሰሞን አጽሙ ከጃማይካ ወጥቶ ሻሸመኔ ሊቀበር ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበርና እኔ ይምጣ ባይ ሆንኩ። ጃንሆይ እዚያ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ጥቁሮች መሬት ሰጥተዋል፣ ሰውየው ራሱ በደርግ ጊዜ መጥቶ አይቶታል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? እሱ ደግሞ "ተዉት፣ ባለበት ይረፍ" አለ። የመጨረሻዋን ካርድ መዘዝኩ። ተጠምቋል! ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት አቡነ ይስሐቅ አጥምቀውት ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። ግንቦት 1973 በ36 ዓመቱ ሲሞትም ኪንግስተን ላይ የተሸኘው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። "ስለዚህ የኛ ነው" አልኩት።

"የኛ የሆነ ሁሉ እዚህ ይቀበር ከተባለማ ዋሽንግተን ያረፉት አጎቴ ሊመጡ ነው፣ ትኬቱን አንተ ቻል" አለኝ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የማውቅ ሰውዬ፣ የጓደኛዬ ፍትሐት ላይ ቆሜ ቄሱ አንድ ስም ሲጠሩ ማነው ደግሞ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሌላ ቀብር የተደረበ ነው የመሰለኝ። እናቱ እሪ ሲሉ ነው የገባኝ። የክርስትና ስሙ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ስንውል አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የጃማይካውን ስም ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ያን ስም ደግሞ አልያዝኩትም። "ወልደ" ምናምን ይመስለኛል፣ ወይም "ገብረ"። እናቱን ልጠይቅ? ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሄጄ "እማማ፣ ለመሆኑ የልጅዎ ስም ማን ነበር?" ልበላቸው?

ባለፈው ለንግሥ ሄጄ ለጸሎት ስሙን ላስመዘግብ ተሰለፍኩ። ደብተር የያዘው ዲያቆን ቀና ሳይል "የክርስትና ስም?" አለኝ። ከኋላዬ ያሉት እናቶች ይገፉኛል፣ ጃንጥላው ዓይኔን ሊያወጣው ነው፣ እኔ ዝም። "ወንድሜ፣ ስም!" ሲለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት።

ብርሃነ ሥላሴ።

ጻፈው። 20 ብርም ሰጠሁ። አሁን ያ ጸሎት የሚደርሰው ለማን ነው? ንስሐ አባቴን እንዳልጠይቅ፣ ማነው እሱ ሲሉኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።