ታርጋው ላይ ያለው ጽሑፍ
ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት ላይ የጫንኩት ሰውዬ ከፊታችን የቆመውን መኪና ታርጋ አንብቦ «ያለ ውክልና ግብር ይቁም ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ። ከዋዮሚንግ ስቴት ነው የመጣው። ቀይ መብራት ይዞን ስለነበር አስረዳሁት።

ዲሲ ውስጥ ወደ 700 ሺህ ሰው አለ፤ ከእነሱ ስቴት ይበልጣል። እነሱ ሁለት ሴናተር አላቸው፣ እኛ ስቴት ስላልሆንን ዜሮ። ለተወካዮች ምክር ቤት የምንመርጣት ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ፕሬዚዳንት መምረጥ ራሱ የተፈቀደው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ከንቲባና ካውንስል እንመርጣለን (የ1973ቱ ሕግ ይመስገን)፤ ግን ያወጡትን ኮንግረስ ከፈለገ ይሽረዋል፣ በ2023 የወንጀል ሕጉን እንዳደረገው። ግብር ሲሆን ግን ማንም አይረሳንም!

ሲወርድ «እስቲ ለሴናተሮቻችሁ ደውልልን» አልኩት። ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።