ይዝጉት፣ እማማ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪ ማሳመር፣ ፎርም መሙላት፤ ኮምፒውተር የሚነካው ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከዚህ ሌላ ማንም ያልቀጠረኝ ሥራ አለኝ። ሰዎች የደረሳቸውን ኢሜይልና ቴክስት ይዘው ይመጡና «እስቲ ይቺን እያት፣ እውነት ናት?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለችም።

ይህ ወሬ ሲነሳ «ሰው ግን እንዴት እንዲህ ይሸወዳል?» የሚል አይጠፋም። በተለይ ነቄ ነን የሚሉት ወጣቶች። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የማየው ግን ይሉኝታ ነው። በአክብሮት እያናገረህ ያለን ሰው ስልክ መዝጋት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሌቦቹም ይህን አሳምረው ያውቁታል።

በቀደም ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። አቶቴ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ወረፋ ይዘው እንደቆሙ ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ላውድ ላይ አደረጉት። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰማን።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ከቴሌ ነው የምንደውለው። የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ስለሆኑ ቁጥርዎ ተሸልሟል። እንኳን ደስ አለዎት!»

«ኧረ ተባረክ ልጄ! ዕድሜ ይስጥህ!»

መረቁት። ልጁም አሜን አለ። አቀራረቡ ምን ልበላችሁ፣ ለስላሳ ነው። አይቸኩልም። ጤናቸውን ጠየቀ፣ ልጆቻቸውን ጠየቀ። ከበስተጀርባው ሌሎች ሰዎች ስልክ ሲያነጋግሩ ይሰማል፤ ቢሮ መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ገደለው ገባ።

«እናቴ፣ ስልኩን እንዳይዘጉት። ከተዘጋ ሽልማቱ ለሌላ ሰው ያልፋል። አሁን ቁጥር ያለበት መልእክት ይገባልዎታል። እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።»

መልእክቱ ገባ። እማማ መነጽራቸውን አልያዙም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉና «እስቲ አንብብለት ልጄ፣ ሰውዬው እየጠበቀ ነው» አሉኝ።

አየሁት። ባለ ስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ከሥሩ ለማንም አይስጡ ይላል።

«እማማ፣ ይዝጉት።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምዘጋው? ሰው አይደለም እንዴ!»

እኔው ቀዩን ተጫንኩት። ወዲያው ደግሞ ደወለ። እሳቸው ስልኩን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት፤ ያሳደገው የለም እንዴ ዓይነት አስተያየት። «አሁን ምን ይለኛል?» አሉ።

ያ ቁጥር ስልካቸው ላይ የመጣው ደዋዩ በእሳቸው ቁጥር የገንዘብ አካውንታቸው ውስጥ ለመግባት ስለሞከረ ነው። በሩን አንኳኩቷል፤ የቀረው መክፈቻውን እሳቸው እንዲያቀብሉት ነው። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ይጠይቃል። «ስልኩን አይዝጉ» የሚለውም ያለምክንያት አይደለም። መስመር ላይ እስካሉ ድረስ ልጃቸውን ደውለው መጠየቅ አይችሉማ።

እኔ ሰው ስልክ ዘግቶ እንዲያመናጭቅ አልመክርም፤ አብዛኞቻችን አንችልበትም። «እሺ ልጄ፣ እኔው መልሼ እደውላለሁ» ይበሉና ይዝጉት። ሰላምታም አልተጓደለ። ከዚያ እሱ በሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን በሚታወቀው ይደውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፣ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951። ፒንም ሆነ በቴክስት የገባውን ኮድ ደውሎ የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም። አንድም የለም።

ኢሜይሉ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቶጎ ሎሜ ያለ ጠበቃ ይጽፋል፦ የአንተን የቤተሰብ ስም የያዘ ሚሊየነር በአደጋ ሞቷል፣ ወራሽ ስለሌለው ገንዘቡን እንካፈል። ይህን ፕሪንት አስደርጎ የሄደ ሰው ነበረ። እኛ አገር «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ፎርም ላይ ብዙ ጊዜ የሚሞላው የአባት ስም ነው። የሰውዬው አባት ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ቡናቸውን እየለቀሙ ነው። ማን እንደሞተ ለጠበቃው ቢያስረዱት ጥሩ ነበር። ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር ኢንተርኔት ሳይመጣ በፖስታና በፋክስ ይላክ ነበር። 419 የሚል ስም ያወጣለትም የናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፖስታ ቤት መሄዱ ብቻ ነው የቀረለት።

ያኛው ያስቃል። የሥራ ቅጥሩ ግን አያስቅም። አንድ ልጅ ከካናዳ ሆቴል የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ባለ ቀለም እንዲታተምለት ፈለገ፤ ለቤተሰቡ ሊያሳይ። የሜፕል ቅጠል አለው፣ ማኅተም አለው፣ ደመወዙ በዶላር ነው። ሲፈተንም ቃለ መጠይቅ ሲደረግለትም አላየነውም፤ እንዲያው ተቀጥሯል። ኢሜይሉን ከፍቼ ላኪው ላይ ተጫንኩ። ከላይ የሚታየው የሆቴሉ ስም ነው፤ ከሥሩ ያለው አድራሻ ግን ማንም በነፃ የሚከፍተው ጂሜይል ነው። ስምማ የፈለግከውን ትጽፋለህ። ወረድ ስል የቪዛ ማስፈጸሚያ ክፍያ አለ፤ የሚገባውም እዚሁ አገር በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ካናዳ ያለ ሆቴል እዚህ በግለሰብ ስም ሒሳብ ምን ያደርግለታል?

ይህን ስነግረው ልጁ ተቆጣ። «አንተ ደግሞ ሰው ሲያልፍለት አትወድም» አለኝ። ፕሪንቱን ከፍሎ ወጣ። አልፈረድኩበትም። ያንን ወረቀት ለእናቱ ሳያሳይ አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ ውሸት ነበር ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዲቪም ያው ነው። «ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ላክ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ዲቪ መድረስ አለመድረሱ የሚታየው ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሞልቼ ስጨርስ ያንን ቁጥር ያለበትን ገጽ አትሜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሰው ግን ይጥለዋል።

ነጋዴው ጋ ያለው ደግሞ የውሸት ቴክስት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤቴ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። ገዥው ከፍዬሻለሁ ብሎ ዓሣውን በባጃጅ ጭኖ ሄዷል፤ ቴክስቱም ገብቷል። አብረን አየነው። ጽሑፉ ቁርጥ የባንኩን ነው፣ ቃል በቃል። ላኪው ግን 09 ብሎ የሚጀምር የሰው ስልክ ነው። ከሁሉ የሚያሳብቀው ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው ቀሪ ሒሳብ ነው። ሌባው የእሷን ሒሳብ ከየት ያውቃል? ከራሱ ፈጥሮ ነው የጻፈው። «ይህን ያህል ብር ኖሮኝ አያውቅም» አለች። ስቀን ሳንጨርስ ትዝ አላት፤ ትልቁን ዓሣ ናይል ፐርችን የሚያህል ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነበር የወሰደባት። አሁን ቴክስት አታነብም። አካውንቷን ከፍታ ገንዘቡን ካላየች ዓሣው አይነሳም። ገዥ ቅር ይለዋል፤ ይበለው።

«በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚለውም በዚሁ ይፈታል። ቴሌግራም ላይ «ለእህቴ ልጅ ውድድር ድምፅ ስጥልኝ» የሚለው ሊንክ ደግሞ ስልክ ቁጥርና ኮድ ከጠየቀ አካውንትህን ሊወስድ ነው። በኋላ በአንተ ስም ከጓደኞችህ ብር ይለምናል። እኔን አንድ ጓደኛዬ «ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ» ብሎ ጽፎልኝ ያኔውኑ ጠረጠርኩ። ያ ልጅ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም።

ተጭበርብሮ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቴክስቱን ማጥፋት ነው፤ ያሳፍረዋል። አታጥፉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ፖሊስ ጋ ሲኬድ ያ ቴክስት፣ የተደወለበት ቁጥርና የተላከበት ሒሳብ ማስረጃ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ባንክ ይደወል፣ ፒን ይቀየር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኔትወርክዎን እናስተካክል» ብሎ *21* ብለው ቁጥር እንዲያስገቡ የሚያዝ ደዋይ አለ። ያ ትእዛዝ ጥሪዎን በሙሉ ወደ እሱ ስልክ ያዞራል። ከተጠራጠሩ *#21# ብለው ይደውሉ፤ ወደ ሌላ ቁጥር መዞሩን ያሳያል። ##002# ደግሞ ሁሉንም ማዞሪያ ያጠፋል። ካስቸገረ ኮፒ ቤቷ ብቅ በሉ፣ እኔ አየዋለሁ፤ በነፃ ነው። ፕሪንት ግን ይከፈላል፣ እሱም አካውንቴ ላይ ሲገባ ካየሁ በኋላ።