ፌዴራል ማዶ ነው

በ2006 ዓ.ም. በአማራ ክልል በአንድ ከተማ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ቢሮ እሠራ ነበር። መዝገብ እከፍታለሁ፣ መጥሪያ አወጣለሁ፣ የውሳኔ ግልባጭ እሰጣለሁ። በዚያ መስኮት ካለፉት ባለጉዳዮች ብዙዎቹን ረስቻለሁ። አንዲት እናት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፉም።

የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሁለት በሬዎቻቸውን ገጭቶ ገደለባቸው። ካሳ ጠየቁ። የድርጅቱ ጠበቃ ገና ከጅምሩ መቃወሚያ አቀረበ። ደንበኛዬ የተመዘገበው በፌዴራሉ ንግድ ሚኒስቴር ነው፣ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፣ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ጉዳይ የማየት ሥልጣን፣ የለውም አለ። ዳኛው መቃወሚያውን ተቀበሉት። መዝገቡ ተዘጋ።

በሕጉ ትክክል ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 25/1988 በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ድርጅት ክርክር፣ በተለያየ ክልል የሚኖሩ ሰዎች ሙግት፣ የውጭ ዜጋ ያለበት ጉዳይ የፌዴራል ነው ይል ነበር። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ። የባሕር ዳር ሰው ከአዳማ ሰው ጋር ሲካሰስ አንዱ የሌላውን ክልል ዳኛ እንዳይፈራ ታስቦ የተሠራ ነው።

ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። እማማ ግልባጩን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ።

«ምን ብለው ነው የዘጉት ልጄ?»

«ጉዳዩ የፌዴራል ነው እማማ። እዚህ አይታይም።»

«ፌዴራል ደግሞ የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነዋ።»

በቃ ይኸው ነው ያልኩት። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። እኔም ቀጣዩን ጠራሁ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። ሰልፍ አልያዙም፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ፌዴራሉ እኮ እዚህ ማዶ ነው አሉኝ።»

በእጃቸው አስፋልቱን አሻግረው አሳዩኝ። የዞኑን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር የሚያሳዩኝ። ከመስኮቴ የግቢው በር ይታያል። አንድ በግ ሸጠው ተሳፍረዋል። አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደው፣ አንድ ደግ ልጅ ግልባጩን አንብቦ፣ «እማማ፣ ይሄን እኮ እዚያው አገርዎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያይልዎታል» ብሎ መልሷቸዋል።

ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ሕጉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አውቀዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥራ በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስልጠና ወስደንበታል። አሰልጣኙ አንቀጽ 51ን ዘርዝሮልን ነበር። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ ማተም፣ ክልል ከክልል የሚያገናኝ አውራ መንገድ፣ ፖስታና ቴሌ፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ የፌዴራሉ ነው። ለፌዴራሉ ያልተሰጠው የክልሉ ነው። ሁሉንም ጽፌያለሁ። ግን እኒያን እናት መስኮቱ ላይ ሳያቸው «ፌዴራል» የሚለውን ቃል እንደ ከተማ ስም ነገርኳቸው።

መስኮቱን ለባልደረባዬ ትቼ እጃቸውን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኳቸው። አዲስ መዝገብ ሲከፈት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ችሎቱን በበሩ አጮልቀው አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«እኒህ ዳኛ ባለፈው የጎረቤቴን የመሬት ይግባኝ ያዩት አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ የክልሉ ናቸው የፌዴራሉ?»

«የክልሉ ናቸው እማማ። የእርስዎን ጉዳይ ሲያዩ ግን በፌዴራሉ ውክልና ነው።»

ትንሽ አሰቡ።

«ደሞዛቸውንስ ማን ነው የሚከፍል?»

ሦስት ቀን ሙሉ ስልጠና ላይ ስንቀመጥ ይህን ጥያቄ ማናችንም አላነሳንም። መልስ አለው። ደሞዙን የሚከፍለው ክልሉ ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ሥራ ደርበው ለሚሠሩ የክልል ፍርድ ቤቶች ማካካሻ በጀት ይመድባል ይላል። በአምስት ክልሎች በ1995 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ እንዲቋቋም ተደርጓል፤ የእኛ ክልል ከእነሱ ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። በደንብ አዳመጡኝ። «እንዲህ ብለህ ያን ጊዜ ብትነግረኝ በጌ ትተርፍ ነበር» አሉ።

ማታ ለኃላፊዬ ነገርኩት። «ምን አጠፋህ? ሕጉን በትክክል ነግረሃቸዋል» አለኝ። በዚህ አባባሉ ዛሬም አልስማማም። ትክክለኛ ሕግ ነግሬ ሰው አሳስቻለሁ። በማግስቱ በትልቁ ጽፌ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፦ «የፌዴራል ጉዳይ የሚታየው ማዶ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።» ኃላፊዬ ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ አይለጠፍም ብሎ አነሳው። ከዚያ በኋላ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ በአፌም በጣቴም ስናገረው ኖርኩ።

እማማ በመጨረሻ ተፈረደላቸው። የወጪና ኪሳራ ዝርዝር ሲያዘጋጁ የአውቶቡሱን ቲኬት አምጥተው አሳዩኝ። «ይሄንን ድርጅቱ ይከፍላል?» አሉኝ። አይከፍልም፤ ወደ አዲስ አበባ የላኳቸው እኔ እንጂ ድርጅቱ አይደለም። ከኪሴ ላውጣ ብዬ እጄን ስሰድ ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ደሞዝህን እኔ አልቆርጥም» አሉና ቲኬቱን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩት።