የእትዬ 5 ኪሎ ስኳር

ባለፈው ሳምንት ለእትዬ አርባ ጅማ ሄጄ ነበር። ልጆቻቸው ስላልፈለጉ ስማቸውን አልጽፍም። ሄርማታ መርካቶ ሰፈር ያደገ ሰው ግን እትዬ ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበሩ። ከዛፍ ላይ የሚለቅሙትን ማለቴ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩትን ነው። የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ስለዚህ የቀኑ ድካም ሁሉ የሚያልቀው ሚዛኑ ላይ ነው።

ሚዛኑ እንደሚበላቸው ሴቶቹ ያውቁ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? አንድ ቀን እትዬ ከሱቅ 5 ኪሎ ስኳር ገዝተው በፌስታል ይዘው ገቡ። ቡናቸውን ከማስመዘናቸው በፊት ስኳሩን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። አራት ኪሎ ከምናምን አለ። ማንንም አልተሳደቡም። «ኑ፣ እናንተም እዩት» ብለው ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠሩ። በማግስቱ እንዳይመጡ ተነገራቸው። እሳቸው ግን ስኳሩን እንደያዙ መጥተው ሦስት ቀን በር ላይ ቆሙ። ሚዛኑ ተቀየረ። እትዬ ግን ሥራ ፍለጋ ሌላ መጋዘን ሄዱ።

ማንበብ አይችሉም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ቡና እየተፈላ፣ በሁለት ምሽት። የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ማለቱን ሲሰሙ እልል አሉ። እሳቸው አራስ ሆነው በሦስተኛ ሳምንታቸው ነው ሥራ የተመለሱት። ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል የሚለው ጋ ስደርስ «ስንት ብር ይላል?» አሉኝ። ቁጥር የለውም አልኳቸው።

«እንግዲህ ሳይጨርሱ ነው የጻፉት።»

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የያዙት ግን ሌላውን ነው፤ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ አባላቱ ግን ከ10 ማነስ የለባቸውም የሚለውን። «10 ብቻ?» አሉና ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። ያን ክረምት በጭቃ ቤት ለቤት ዞሩ፣ አንዷ ባሏን ፈርታ ስትቀር፣ ሌላዋ እንጀራዬ ይቋረጣል ብላ ስትመለስ፣ እንደገና እየሄዱ፣ አብረው ሽንኩርት እየላጡ ሲለምኑ ከረሙ።

አርባቸው ላይ ከመጋዘን በቀጥታ የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋ ላይ የቡና ገለባ ነበር። ስንት ናችሁ አሁን አልኳት።

«ዘጠኝ። አሥረኛዋ እሳቸው ነበሩ።»

ከዚያ ድንኳኑ ጥግ ውሃ የምታድል አንዲት ቀጭን ልጅ በዓይኗ ጠቆመችኝ። «ለእሷ ነግሬያታለሁ» አለችኝ።