«መታኝ» ወይስ «መታችኝ»? በምልክት ቋንቋ ሳስተረጉም ውሳኔ የምሰጥበት መንገድ

በምልክት ቋንቋ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁም «ያ ሰው» ማለት ነው። ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ጣቱ አይናገርም። አማርኛ ግን «መታኝ» ወይም «መታችኝ» ካላሉ አያሳልፍም። ችሎት ውስጥ ይህን በግምት የሞላ አስተርጓሚ ምስክሩ ያላለውን ነገር መዝገብ ላይ አስገብቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ጀማሪ አስተርጓሚ ስለ ሥነ ምግባር ሲጠይቀኝ ከምስጢር መጠበቅ በፊት በዚህ ግሥ የምጀምረው። ምስጢር ማውጣት ጥፋት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግሡ ግን ሳይታወቅ ያልፋል።

«ተመታሁ» ብሎ ማምለጥ ብልሃት ይመስላል። ግን መቺውን ከዓረፍተ ነገሩ ያወጣዋል፤ ምስክሩ ደግሞ በጣቱ አመልክቷል። እኔ ትርጉሙን አቁሜ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምልክቱ ጾታን ስለማያሳይ አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» እላለሁ። ራሴን «አስተርጓሚው» ብዬ የምጠራው ምስክሩ ያለውን እንደ እሱ «እኔ» እያልኩ ስለማወጣ፣ «እኔ» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ የምስክሩ ስለሆነ ነው። ይህን ካልለየሁ «አልገባኝም» ስል ያልገባው ምስክሩ ይሁን እኔ ዳኛው አያውቁም።

«አንተ» እና «እርስዎ»ም እንዲሁ ናቸው። ተከሳሽ ወደ ዳኛ ቢጠቁም በምልክት ቋንቋ ነውር አይደለም። በድምፅ «አንተ» ብዬ ካወጣሁት ግን ተከሳሹን ባለጌ አደርገዋለሁ። ስለዚህ መነሻዬ «እርስዎ» ነው። ፊቱና የእጁ ኃይል ሆን ብሎ እንደሚሳደብ ካሳዩ ግን ስድቡ እንዳለ ይወጣል፤ ማለሳለስ የእኔ ሥልጣን አይደለም።

ሕጉ ከጎናችን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ክርክር በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 የሠለጠኑ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን በስም ይጠቅሳል። አስተርጓሚ መመደብ እንደ ውለታ በሚታይበት ቢሮ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዤ ነው የምነጋገረው።

ለሐኪም ቤት ሥራ ግን ውሳኔው የሚሰጠው ከበሩ ውጭ ነው። ከቀጠሮው በፊት 10 ደቂቃ ስልክ ላይ እቆያለሁ። ምርመራ ነው ወይስ ውጤት መናገር? የሚፈረም የስምምነት ፎርም አለ? አስታማሚ አብሮ ይገባል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ታካሚው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ይችላል ወይስ የቤት ምልክት ብቻ፣ ማለትም ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የሚግባባበትን ምልክት? የመጨረሻውን ጥያቄ የዘለለ ሰው ፎርሙ ላይ ሲደርስ ይያዛል። የቤት ምልክት ብቻ ላለው ሰው «ማደንዘዣ»ን በጣት ፊደል መጻፍ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ሲሆን የእኔን ምልክት ለታካሚው በሚገባው መንገድ የሚያቀርብለት መስማት የተሳነው አስተርጓሚ አብሮኝ እንዲመደብ እጠይቃለሁ፤ ካልተገኘና ጉዳዩ ድንገተኛ ካልሆነ ሥራውን አልቀበልም። ከ1 ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ሥራም ሁለተኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ በየ20 ደቂቃው እንቀያየራለን። የደከመ አእምሮ ቃል መጣል ይጀምራል፣ መጣሉን ግን ራሱ አያስተውልም።

ከሁሉም የከበደኝ ክፉ ዜና ማስተርጎም ነው። በእኛ ባህል ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ ይነገራል። ታካሚው ተቀምጦ ሐኪሙ ለታካሚው ወንድም «ለእሱ አሁን አትንገሩት» ይላል፤ እኔ ደግሞ መሐል ነኝ። ካስተረጎምኩ ቤተሰቡ ይቆጣል። ካላስተረጎምኩ በሰውየው ሕይወት ላይ ሌሎች በፊቱ ሲወስኑ ተባባሪ ሆኛለሁ። በዚያች ሰከንድ ጥሩ መልስ አይገኝም። መልሱ ያለው ከመግባታችን በፊት ለሐኪሙም ለአስታማሚውም በምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ እሱ እንዲያውቀው የማትፈልጉት ነገር ካለ እኔ ባለሁበት አትናገሩት።» ይህን ስል ሐኪሙ ለማን ምን መንገር እንዳለበት የመወሰን ኃላፊነቱ ለራሱ ይመለሳል። ሳልናገር ከገባሁና ከተነገረ ግን እተረጉመዋለሁ።

መድኃኒት ላይም አንድ ወጥመድ አለ። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ትእዛዝ «በ8 ሰዓት» ተብሎ ከተወሰደ ሰውየው በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ብቻ ይወስዳል። ሰዓቱን ራሴ አላሰላም፤ ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው። «ሦስቱን ሰዓቶች ይንገሩት» እላለሁ፣ እሱም «ጠዋት 1፣ ከቀኑ 9፣ ከምሽቱ 5» ይላል፣ ያንን አስተላልፋለሁ። ከዚያም ታካሚው መልሶ እንዲነግረው ሐኪሙ ይጠይቀው ዘንድ አሳስባለሁ።

እያንዳንዱን ሥራ ስጨርስ 15 ደቂቃ ደብተር ላይ አጠፋለሁ። አሜሪካውያኑ ሮቢን ዲን እና ሮበርት ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት አካሄድ ገጹን በአራት ዓምድ እከፍላለሁ፦ ቦታው፣ በሰዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት፣ የተናጋሪው አገላለጽ ጥራት፣ በእኔ ውስጥ የነበረው ስሜት። መስኮት ከጀርባዬ ሆኖ ፊቴ ጠቁሮ ከነበረ አንደኛው ዓምድ ላይ ይገባል። ረሃብና ንዴት አራተኛው ላይ። ብዙ ሰው አራተኛውን ባዶ ይተወዋል፤ እኔ ግን ያለአግባብ ያለሰለስኳቸውን ቃላት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አግኝቼዋለሁ። ከዓምዶቹ ሥር ከሥራው በፊት፣ በሥራው ላይና ከሥራው በኋላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር እጽፋለሁ።

ሙያን ማሳደግ የአሜሪካ አስተርጓሚዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ከሰባቱ መርሆች አንዱ ነው፤ የምስክር ወረቀታቸውን ለማቆየትም በ4 ዓመት 80 ሰዓት ይማራሉ። እኔ በዓመት 20 ሰዓት ብዬ ወሰድኩት። ከዚህ አብዛኛውን የምሞላው በጉዳይ ውይይት ነው፦ አራት ሰው፣ በወር አንዴ፣ 90 ደቂቃ፣ በአንድ ስብሰባ ሁለት ጉዳይ። ከአራቱ አንዱ መስማት የተሳነው ባለሙያ ይሆናል፣ ለጊዜውም ይከፈለዋል። ያለ እሱ የተደረገ ውይይት አስተርጓሚዎች እርስ በርስ መጽናናት ይሆናል።

ማኅበረሰባችን ጠባብ ስለሆነ ስም መደበቅ አይበቃም። ጉዳዩን ለውይይት ሳቀርብ የሐኪም ቤቱን ስም፣ ወሩን፣ ዕድሜውንና ጾታውን አስቀራለሁ። ይህ ሁሉ ቀርቶም አንድ አባል «ማን እንደሆነ አወቅሁ» የሚልበት ጉዳይ ከሆነ አላቀርበውም። ደብተሩ ላይ ያለው ገጽም ውይይቱ እንዳለቀ ተቀዶ ይወገዳል።