ገንዳው ሳይመጣ ውሃው መጣ

ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው። መሐል ሜዳ ተወልዶ፣ ባና ተከናንቦ አድጎ፣ የሒሳብ መምህር ሲሆን ሸዋ ሮቢት ተመደበ። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጣርማበር ዋሻ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የሳበ ተሳፋሪ ደብረ ሲና ቆሎ ሲገዛ ጋቢውን ያጥፋል፤ አርማንያ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚያወልቀው ያልቅበታል። ባለቤቴ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም የሚያወልቀው ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ግንቦት ላይ እኩለ ሌሊት ተነስቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ አግኝቼዋለሁ። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ረግጬው አለፍኩ።

በየካቲት ወር አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ፎቶ ላከለት። ከመሬት በላይ የሚቆም ክብ መዋኛ ገንዳ ነው፤ የብረት እግሮች፣ ሰማያዊ ወፍራም ላስቲክ፣ ከጎን ትንሽ የማጣሪያ ፓምፕ። ወርዱ 3.66 ሜትር፣ ቁመቱ 76 ሴንቲ ሜትር። ባለንብረቱ አገር ሊለቅ ስለሆነ በርካሽ ይሸጠዋል ተባለ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ለአማቴ የሚያነብላት ሰው አይጠፋም።

ሌላ ሰው ዕቃ ሲመኝ ገንዘብ ይቆጥራል። የሒሳብ መምህር ግን መጀመሪያ ደብተር ያወጣል። ውሃው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል 6,300 ሊትር ገደማ ይይዛል አለ። ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲያካፍለው 315 ወጣ፤ ያለ ቀሪ መካፈሉ ራሱ አስደሰተው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ክብደቱ ስድስት ቶን ከሦስት ኩንታል መሆኑ ነው።

አማቴ በዚያ ሰሞን ልትጠይቀን ወርዳ ነበር። እሷ በቶን አትቆጥርም።

«በኩንታል ስንት ነው?»

«63 ኩንታል፣ እማዬ።»

«63 ኩንታል ገብስ ነው ያልከኝ?»

«ውሃ።»

ትንሽ አሰበችና ምርመራውን ጀመረች። «ይጠጣል?» አይጠጣም፣ ክሎሪን ይገባበታል። «ልብስ ይታጠብበታል?» አይታጠብበትም። «ከብት ይጠጣዋል?» አይጠጣውም። «ታዲያ ምን ይደረግበታል?»

«ይገባበታል።»

«ከተገባበትስ በኋላ?»

«ይወጣል።»

«ገብቶ ለመውጣትማ ሮቢ ወንዝ ምን በደለህ?»

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ ግን እኔም ከአማቴ ጎን ቆምኩ፤ በትዳር ዘመናችን ያልተለመደ ነገር ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህን ያህል የተዘረጋ ውሃ ከፀሐይ በታች በቀን አምስት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢተን 52 ሊትር ይሄዳል፤ ለፀሐይ በየቀኑ ከሁለት ጀሪካን ተኩል በላይ ልንቀዳ ነው። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት ልኬት ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ ይህንንም ከእሱው ደብተር ያነበብኩት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆምና ክሎሪኑም ቢያልቅ ደግሞ የምንኖረው ወባ በሚያውቃት ከተማ ነው። የትንኝ እንቁላል በእንዲህ ያለ ሙቀት ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢፈጅበት ነው። እሱ ለመዋኘት ልብሱን አውልቆ እስኪዘጋጅ እነሱ ቀድመውት ገብተዋል።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ሁላችንም ቀልዱን አቆምን። የጎረቤት ሕፃናት በጓሯችን እንደ ልባቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ሕፃን ልጅ ደግሞ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ያለ ድምፅ ሊሰጥም ይችላል። ባለቤቴ መሰላሉን ከተጠቀምን በኋላ እናነሳለን፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ እናጥራለን፣ በሩንም እንቆልፋለን አለ። ቆርቆሮው ወጪው ላይ ሲደመር የወንድሙ «ርካሽ» ዕቃ ፊቱ ጠቆረ።

ይህ ሁሉ ሆኖም «ቢያንስ ቦታው ልክ መሆኑን ልይ» አለ። ቦታው ልክ አልነበረም። ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ ግንበኞች እንደሚያደርጉት አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ ሌላውን እሱ ይዞ ሲለካ፣ ግቢያችን ወደ መንገዱ በኩል 28 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃ ራሱን ስለሚያስተካክል ገንዳው ዘመም ካለ ሸክሙ ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ግድግዳ ይሄዳል፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ላስቲክ ነው። ዝቅ ያለውን አፈር ሞልቶ ማስተካከልም አይሆንም፣ 63 ኩንታል ሲጫነው ይሰምጣል። ያለው መንገድ ከፍ ያለውን ቆርጦ ማውረድ ነው።

«ቅዳሜ መሬት አይቆፈርም» አለች አማቴ።

«እማዬ፣ ይህ እርሻ አይደለም።»

«እርሻማ ቢሆን እህል ይገኝበት ነበር።»

መሐል ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ፣ በኖራ ክብ አሰመረ። ክቡን ላየው ሰው በእውነት ያምር ነበር። ከጎረቤት አንድ ጎረምሳ ተጠርቶ ዶማ ያዘ። ረፋዱ ላይ ከፍ ያለው ወገን ወርዶ የክቡ ወለል ወደ ማለቁ ሲቃረብ አንድ ጠንካራ ነገር ተነካ። ጎረምሳው ድንጋይ መሰለውና ደገመው።

ድንጋይ አልነበረም። ከኛ በታች ላሉት ቤቶች ውሃ የሚያደርሰው ቧንቧ ነበር፤ ያ ጠዋት ደግሞ የፈረቃችን ጠዋት ነበር። ውሃው መጀመሪያ «ፍሽሽ» አለ፣ ከዚያ ከጎረምሳው ራስ በላይ ዘለለ። አማቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን እንደያዘች ከራስ እስከ እግሯ ተረጨች። የጥምቀት ዕለት ካህናቱ በሚረጩበት ሰዓት እንደለመደችው ዓይኗን ጨፍና፣ አማትባ፣ «በስመ አብ» ብላ ተቀበለችው። ዓይኗን ስትገልጥ ነው ልጇን ያየችው።

የመስመሩ መዝጊያ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ከመንገዱ ማዶ ነው ይላል፣ ሌላው አስፋልቱ ሥር ተቀብሯል ይላል። በዚህ መሐል የታች ቤት ሰዎች ውሃቸው ሲቋረጥ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ሽቅብ መጡ። ሊጣሉ ነበር የመጡት። ውሃውን እኛ ግቢ ሲያገኙት ግን ጠቡን አቆይተው ከሚዘለው ላይ መቅዳት ጀመሩ። አንዲት እናት ሁለተኛ ጀሪካናቸውን እየደገኑ፣ «መምህር፣ ለሰፈሩ ይህን ያህል ማሰብዎን አላውቅም ነበር» አሉት።

ልጆቹ ደግሞ ማንንም አልጠየቁም። በውስጥ ሱሪ የሆኑም፣ ያም ያልነበራቸውም፣ አንድ በአንድ ክቡ ውስጥ ገቡ። ውሃው የቡና ቀለም ይዞ እስከ ጉልበታቸው ደረሰ፤ አማቴም የተረፈ እንዝርቷን ጥላ ጉድጓዱ አፍ ላይ በትር ይዛ ጥበቃ ቆመች። ባለቤቴ ቱቦውን በእጁ እንደያዘ የውሃውን ጠርዝ ዙሪያውን ተመለከተና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየሽ? ኖራው ላይ እኩል ነው የደረሰው» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ሚስት ዝም ማለት ያለባት ጊዜ አለ፤ ዶማውም ቅርብ ነበር።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ወንድሙ ነበር። ሻጩ ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል፤ ትወስዱታላችሁ ወይስ ለሌላ ይስጠው? ባለቤቴ «ቆይ፣ አሁን ውሃ ላይ ነኝ» አለ። ከኋላው የልጆቹ ጩኸት፣ የውሃው ጭብጨባ፣ «አትግፋኝ!» የሚል ድምፅ፣ «ውጡ፣ ተራ አድርጉ!» የሚል የአማቴ ትእዛዝ ይሰማል።

«ገንዳ ገዝታችኋል እንዴ?» አለ ወንድሙ።

«አልገዛንም፤ ተቆፍሮ ነው...»

«አስቆፍራችሁ? ያውም የተቆፈረውን ዓይነት!» ድምፁ ተለወጠ። «እኔን ከሰው ጋር በዋጋ እያከራከራችሁኝ እናንተ ትልቁን አሠርታችኋል። እማዬ ሳትቀር ገብታለች። መልካም፣ እንኳን ደስ አላችሁ።» ዘጋው። ማታ ሲደወልለት ገንዳው ለሌላ ሰው ተሸጧል።

የቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ መጥቶ መስመሩን ዘግቶ የተሰበረውን ቆርጦ ቀየረ። የጠየቀውን ገንዘብ ሲናገር ባለቤቴ ደብተሩን አላወጣም። የተቆፈረው አፈር ለሳምንት ጭቃ ሆኖ ሰነበተ። በየጠዋቱ የልጆች ጭንቅላት በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ «ዛሬ ይከፈታል?» ይለናል። አማቴ ወደ መንዝ ከመመለሷ በፊት ከጎረቤት የሙዝ ችግኝ ለምና፣ በኖራው ክብ ዙሪያ፣ ልጇ ባሰመረው መስመር ልክ፣ ተከለችበት። ለወንድምየው እውነቱን ለማስረዳት ብዙ ሞክረናል፤ ልናባርረው የፈጠርነው ይመስለዋል።

ትናንት ደውሎ ይቅር ማለቱን ነገረን። ለፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ ለልጆቹም የመዋኛ ልብስ ተገዝቶላቸዋል። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ መሐል ሜዳ ደወለና ምን እንደሚደረግ እናቱን ጠየቃት።

«ይምጡ እንጂ» አለች። «ሙዜን ውሃ የሚያጠጣልኝ ሰው አጥቼ ነበር።»