ውኃው ወገቤ እስኪደርስ

ዛሬ ጠዋት ማንቂያው ሲጮኽ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ዛሬስ ቀረሁ» የሚል ነበር። ሁለተኛውም እሱው ነው። ትናንት የሰቀልኩት የሰርፊንግ ልብስ ገና አልደረቀም። እርጥብ የጎማ ልብስ በጠዋት መልበስ ማለት ቀዝቃዛ እባብ ውስጥ በግድ መግባት ማለት ነው። አንዱን እግሬን አስገብቼ ከሌላው ጋር ስታገል «በ39 ዓመቴ ምን ፈልጌ ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት?» እላለሁ። በየሳምንቱ እላለሁ። በየሳምንቱ ደግሞ እሄዳለሁ።

ሰርፊንግ የጀመርኩት አምና ነው፤ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል መንሸራተት ማለት ነው። ዋና እችላለሁ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። ስለዚህ ያን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም። የመጀመሪያው ቀን የተለማመድነው አሸዋ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ በሆድ መተኛት፣ በእጅ መቅዘፍ፣ ከዚያ ሁለቱን እጆች ደረት አጠገብ ተክሎ ብድግ ማለት። ከሁሉም ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። አሠልጣኙ «ጎበዝ!» ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። አሸዋ እንደማይንቀሳቀስ ትዝ ያለኝ ውኃ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

ውኃ ውስጥ የሆነውን ማውራት ያሳፍራል። ትንሽ ወደ ፊት ከተኛሁ የሰሌዳው አፍንጫ ውኃው ውስጥ ይሰካና እኔ በላዩ ተገልብጬ እወረወራለሁ። ትንሽ ወደ ኋላ ከተኛሁ ደግሞ ሰሌዳው ፍሬን እንደያዘ መኪና ይጎተታል፤ ማዕበሉም በሥሬ ሾልኮ ጥሎኝ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ መዳፍ ስፋት ቢሆን ነው። ያቺን አንድ መዳፍ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በአፍንጫዬ የባሕር ውኃ ስጠጣ ከረምኩ። ማታ ጎንበስ ስል ከአፍንጫዬ ውኃ ዱብ ይላል። ሰው ፊት ሲሆን ያሳቅቃል።

በሰባተኛው ሳምንት ቆምኩ። ማዕበሉ ተሰብሮ ነጭ አረፋ የሆነው ዓይነት ነው፤ ለጀማሪ የሚፈቀደው እሱ ነው። ከኋላ ገፋ አደረገኝ፣ እጄን ተከልኩ፣ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። ሰሌዳው ከእግሬ ሥር ሲንሸራተት ብቻ ይሰማኛል። ለረጅም ጊዜ የበረርኩ መሰለኝ። አብሮኝ የሚማር ሰው በስልኩ ቀርጾኝ ኖሮ ሮጬ ሄጄ አየሁት። ሦስት ሴኮንድ! አቋሜ ደግሞ ወንበር አለ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ የተነሳበት ሰው ይመስላል። ኩም አልኩ። ቪዲዮውን ግን አላጠፋሁትም።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስምንት ማዕበል ያዝኩ እንበል። እያንዳንዱ አራት ሴኮንድ ቢሆን በጠቅላላው 32 ሴኮንድ ነው። ለ32 ሴኮንድ ይህ ሁሉ ጣጣ! በኋላ ሳነብ ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ማዕበል ላይ የሚቆሙት ለጥቂት ጊዜ ነው። የተወዳዳሪ ሰርፈሮችን ጊዜ የለኩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ውኃ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው በመቅዘፍ ነው። የቀረው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ማዕበል ላይ የሚቆሙበት ጊዜ ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። ይሄ ለምን እንዳጽናናኝ አላውቅም፤ ግን አጽናናኝ።

ያላጽናናኝ ምን እንደሆነ ልናገር። ዝነኛው አሜሪካዊ ሰርፈር ኬሊ ስሌተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሃዋይ ውስጥ ፓይፕላይን በሚባለው የማዕበል ቦታ የተካሄደውን ውድድር ያሸነፈው 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ይህን ዜና ለማበረታቻ ብለው የላኩልኝን ሰዎች ብዛት አልቆጥርም። ጉድ ነው፣ አደንቃለሁ። ግን ሰውየው የጀመረው በልጅነቱ ነው! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ብስክሌት ላይ እንኳ በቅጡ አልቆምም ነበር።

አምስተኛው ወር ላይ ጉራ ያዘኝ። ስማርበት የነበረው ባለ 9 ጫማ የፎም ሰሌዳ ከ80 ሊትር በላይ መጠን አለው፤ ሊትሩ በበዛ ቁጥር ሰሌዳው ይንሳፈፋል፣ ስሕተትንም ይችላል። ግን ሰፊ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ የሕፃናት መጫወቻ ይመስላል። እኔ ደግሞ ጎበዞቹ የሚይዙትን ቀጭን ነጭ ሰሌዳ አማረኝ። ያገለገለ አገኘሁ፣ 6 ጫማ ከ2 ኢንች፣ 35 ሊትር። ይዤው ስሄድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ውኃው ላይ ግን ስተኛበት ግማሹ ሰመጠ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ማዕበል በወጉ አልያዝኩም። መቆሙ ቀርቶ መቅዘፉ አቃተኝ። በመጨረሻ አንገቴን ደፍቼ ወደ ሰማያዊው ተመለስኩ፣ አሥር ዓመት ካልሞላቸው ልጆች መሃል። ነጩ አሁን ግድግዳ ላይ ነው፤ ሲያዩት ያምራል።

ልተወው የደረስኩት ግን በዚህ አይደለም። አንድ ቀን ከባሕሩ ዳር ቆሜ የምገባበትን ቦታ ስመርጥ ግራና ቀኝ ማዕበል ይሰበራል፤ መሃሉ ላይ ግን ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ መተላለፊያ አለ። በዚያ ገባሁ። ለካ ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለው መስመር ውኃው ወደ ጥልቁ ተመልሶ የሚወጣበት ጅረት ነው! ቀና ስል ዳርቻው ርቋል። በሙሉ ኃይሌ ወደ ዳር ቀዘፍኩ። ዳር ያሉት ሰዎች ግን እየራቁ፣ እያነሱ ሄዱ። ክንዴ ሲዝል ነው የተማርኩት ትዝ ያለኝ፤ ሰሌዳውን አትልቀቂ፣ ከጅረቱ ጋር አትታገዪ፣ ወደ ጎን ቅዘፊ፣ ማዕበል ወደሚሰበርበት። እንደዚያ አደረግኩ፤ አረፋው ራሱ ገፍቶ አወጣኝ። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልሄድኩም። ለሰው «ሥራ በዛብኝ» አልኩ። ለራሴ ግን መዋሸት አልቻልኩም። ፈርቻለሁ። ይበልጥ የከበደኝ ደግሞ ፍላጎቱ እስኪመለስ መጠበቄ ነው። አንድ ቀን ተነስቼ «ዛሬ እሄዳለሁ» የምል መስሎኝ ነበር። ያ ቀን አልመጣም። ፍላጎት አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አይመጣም፣ ቢያንስ ለኔ።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ልብሴን ለብሼ፣ ሰሌዳዬን ይዤ፣ ውኃው ወገቤ እስኪደርስ እገባለሁ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ልመለስ ብል እችላለሁ፤ ራሴን አልወቅስም። ከዚያ በፊት ግን መወሰን የለም። እስካሁን የተመለስኩት ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ ነጎድጓድ ስለነበረ፣ አንዴ ከሰሌዳው ሥር ያለው ክንፍ ተሰብሮ፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ አስጠልቶኝ። ሌላውን ቀን ሁሉ ውኃው ወገቤ ሲደርስ ራሱ ይስበኛል።

ሌላው ደብተሬ ነው። ስመለስ ሦስት ቁጥርና አንድ መስመር ወሬ እጽፋለሁ፤ የማዕበሉን ከፍታ፣ በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለውን ሴኮንድ፣ የነፋሱን ፍጥነት ከአቅጣጫው ጋር። ከጥቂት ወራት በኋላ ገልጬ ሳነብ የገረመኝ ነገር ነበር። «ምንም አልችልም፣ አይሆንልኝም» ብዬ የጻፍኩባቸው ቀናት አብዛኞቹ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ የነፈሰባቸው፣ ማዕበሉም በየ5 እና በየ6 ሴኮንዱ የተመላለሰባቸው ቀናት ናቸው። እንዲህ ያለ ቀን ባሕሩ የተዘበራረቀ ነው፤ ጎበዞቹም ቡናቸውን ይዘው ዳር ቁጭ ብለው ያዩታል። እኔ ግን የባሕሩን ጥፋት የራሴ አድርጌ ስሸከም ኖሬያለሁ።

ዛሬ እንግዲህ እባቡን ለብሼ ሄድኩ። ወገቤ ድረስ ገባሁ። አልተመለስኩም። አረፋውን አልፌ ገና ያልተሰበረው ማዕበል ጋ ደርሼ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ጊዜ ስወድቅ ዝም ብሎ አየኝ። በአራተኛው አላስቻለውም።

«ማዘር፣ ወደ ታች አይዩ» አለኝ።

ማዘርም አንቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር! ከውድቀቴ በላይ ያመመኝ እሱ ነው። አሠልጣኙ ይህንኑ ምክር መቶ ጊዜ ነግሮኝ ነበር። እግሬን ካየሁ እግሬ ሥር እወድቃለሁ፣ የምሄድበትን ካየሁ እሄዳለሁ። ቀጣዩ ማዕበል ሲመጣ ቀዘፍኩ፣ ተነሳሁ፣ ዓይኔን ዳር ላይ ካለው ነጭ ድንጋይ ላይ ተከልኩ። ሰሌዳው ቁልቁል ከመውረድ ይልቅ ዞር አለና በማዕበሉ ጎን መሮጥ ጀመረ። ቀኝ እጄ የውኃውን ግድግዳ ነካ፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ስንት ሴኮንድ እንደቆየሁ አልቆጠርኩም። የቀረጸኝም ሰው የለም።

ዞር ስል ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቷል።

ቅድም ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ 1 ሜትር፣ 11 ሴኮንድ፣ ከየብስ የሚነፍስ ቀላል ነፋስ። ከታች ደግሞ፦ «ማዘር ተባልኩ። ይቅር ብዬዋለሁ።»